ጽሕፈትን ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ ስለ መለወጥ

በብራና ዘመን መጽሐፍ አንድ መልክ ብቻ ነበረው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብዕሩን ቀርጾ የጻፈው ነገር አክሱም ቢደርስ ጎንደር ቢደርስ ፊደል ለቈጠረ ሰው ሁሉ ያው ነው፤ ለማንበብ ዓይንና ብርሃን ይበቃል። በኮምፒዩተር የሚጻፈው ጽሕፈት ግን እንዲህ አይደለም። ፋይል በሚባለው ዕቃ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ፋይሉም የተሠራበት ሥርዓት አለው፤ ይኸም ሥርዓት ፎርማት ይባላል። ሥርዓቱን የማያውቅ ፕሮግራም ፋይሉን ሊከፍተው አይችልም፤ ቢከፍተውም የተዘበራረቀ ነገር ያሳያል። ስለዚህ በአንዱ ትምህርት ቤት የተጻፈው የትምህርት ማስታወሻ በሌላው ትምህርት ቤት አልከፈት ሲል፣ ወይም የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት የተጻፈ የተማሪዎች መዝገብ የላቲን ፊደል ሆኖ ሲታይ፣ መምህሩ «ጠፋ» ብሎ ይተወዋል። ብዙ ጊዜ ግን አልጠፋም፤ መልኩን የሚለውጥለት አጥቶ ነው።

ይኸን የመለወጥ ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። እኛ የምንናገረው ፓንዶክ ስለሚባለው ነው። ፓንዶክን የሠራው በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ የፍልስፍና መምህር የሆነ ጆን ማክፋርሌን የሚባል ሰው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ነው። የፍልስፍና መምህር እንዲህ ያለውን የእጅ ሥራ መሥራቱ አያስደንቅም፤ ብዙ የሚጽፍ ሰው የጻፈውን ደጋግሞ ከመገልበጥ የሚያድነውን መሣሪያ ቢሻ የተገባ ነው። ፕሮግራሙ ዋጋ አይከፈልበትም፤ ያገኘው ሰው ለጎረቤቱ አባዝቶ ቢሰጥ ሕጉ ይፈቅዳል። ዊንዶውስ በተጫነበትም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። ለገጠር ትምህርት ቤት ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን፣ አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ወርዶ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔትን ዳግመኛ አለመሻቱ ነው። ወደ ወረዳው ከተማ የሄደ መምህር በፍላሽ ይዞት ቢመለስ መብራት ባለበት ጊዜ ሁሉ ያገለግላል።

በኢንተርኔት ላይ «ፋይልህን ስጠኝ፤ ለውጬ ልመልስልህ» የሚሉ ገጾች እንዳሉ አንባቢው ሰምቶ ይሆናል። ለተረት ወይም ለመዝሙር ቢሆን ግድ የለም። ነገር ግን የተማሪዎችን ስም፣ የወላጆቻቸውን ስምና ማርካቸውን የያዘ መዝገብ በሩቅ አገር ላለ ለማይታወቅ ሰው አሳልፎ መስጠት አይገባም። ወላጅ ልጁን ለመምህር ሲሰጥ ስሙንም በአደራ ሰጥቶአል። ፓንዶክ ሥራውን የሚሠራው በዚያው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ስለ ሆነ ፋይሉ ከትምህርት ቤቱ ደጅ አይወጣም።

አሁን አሠራሩን እንመልከት። በአንድ ገበያ አሥር ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ነጋዴዎች ተሰበሰቡ እንበል። ከእያንዳንዱ ቋንቋ ወደ እያንዳንዱ ቋንቋ የሚያስተረጕም አንዳንድ ሰው ቢቆም፣ አሥር ጊዜ ዘጠኝ፣ 90 አስተርጓሚ ያስፈልጋል። በመካከል አንድ የጋራ ቋንቋ ቢያቆሙ ግን ከየቋንቋው ወደ መካከለኛው የሚመልሱ 10፣ ከመካከለኛው ወደየቋንቋው የሚመልሱ 10፣ በጠቅላላው 20 ሰዎች ይበቃሉ። ፓንዶክም እንዲሁ ነው። አንባቢ የሚባለው ክፍል ፋይሉን ተመልክቶ፣ ይኸ አርእስት ነው፣ ይኸ አንቀጽ ነው፣ ይኸ ሠንጠረዥ ነው፣ ይኸ የግርጌ ማስታወሻ ነው እያለ በመካከለኛ መልክ ያሰናዳዋል፤ ጸሐፊ የሚባለው ክፍል ደግሞ ከዚያ ተቀብሎ በተፈለገው ፎርማት ይጽፈዋል። ለአንድ አዲስ ፎርማት አንድ አንባቢ ቢጨመርለት ወደ ሌሎቹ ሁሉ የሚወስደው መንገድ ወዲያው ይከፈታል። መምህሩ ይኸን ነገር ልብ ብሎ ይያዘው፤ ኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ይወጣልና። በመካከለኛው ቋንቋ ስም የሌለው ነገር አያልፍም፤ በመንገድ ይቀራል።

በትምህርት ቤት አዘውትረው የሚገኙት ፎርማቶች ጥቂቶች ናቸው። የማይክሮሶፍት ዎርድ ፋይል ስሙ ከነጥብ በኋላ በ«ዶክስ» ይጨርሳል፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር 2007 ዓ.ም. ከተባለው ዎርድ ጀምሮ የተለመደው ይኸ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አሮጌው በ«ዶክ» ብቻ ይጨርሳል፤ ይኸን ፓንዶክ አያነበውም፤ አስቀድሞ ሊብሬኦፊስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከፍቶ በዶክስ ማስቀመጥ ያሻል። ሊብሬኦፊስ በራሱ ልማድ የሚያስቀምጠው ኦዲቲ ይባላል። ለኢንተርኔት ገጽ ኤችቲኤምኤል፣ በስልክ ለሚነበብ መጽሐፍ ኢፐብ አለ። ፒዲኤፍ ከሁሉ የተለየ ነው፤ ፓንዶክ ወደ ፒዲኤፍ ይጽፋል እንጂ ከፒዲኤፍ አያነብም። ፒዲኤፍ የታተመ ወረቀት ሥዕል እንደ ማለት ነውና፣ እያንዳንዱ ፊደል በገጹ ላይ የቆመበትን ስፍራ ይናገራል እንጂ፣ ይኸ አርእስት ነው ያ አንቀጽ ነው ብሎ አብዛኛውን ጊዜ አይለይም። አንድ መሥሪያ ቤት የመማሪያ ማስታወሻውን በፒዲኤፍ ብቻ አስቀርቶ፣ የዎርዱን ፋይል «ቦታ ይይዛል» ብሎ ደምስሶ፣ ኋላ ሦስት ቃል ለማረም ሰባ ገጽ እንደ ገና በእጅ ሲያስጽፍ አይቻለሁ።

ፓንዶክ እንደ ዎርድ የሚጫን ሥዕልና ቍልፍ የለውም። ትእዛዙ በጽሕፈት ይሰጠዋል፤ የሚጻፍበትም መስኮት በዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት ወይም ፓወርሼል፣ በማክና በሊኑክስ ተርሚናል ይባላል። ጥቍሩን መስኮት አይቶ የሚደነግጥ ሰው አለ፤ የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም። ለሎሌ በቃል ከማዘዝ አይለይም፤ ሎሌውም የታዘዘውን ብቻ ይፈጽማል። በዊንዶውስ ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ከፍቶ፣ ከላይ ባለው የአድራሻ መስመር ላይ ሲ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት ጽፎ ኢንተር የሚለውን ቢጫኑ መስኮቱ በዚያው ፎልደር ይከፈታል። ቀጥሎ አንድ መስመር ይጻፋል። የፕሮግራሙ ስም ይቀድማል፤ የሚለወጠው ፋይል ይከተላል፤ ከዚያ ሰረዝና ኦ የተባለችው የላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ በመጨረሻ የአዲሱ ፋይል ስም ይሆናል። በእኛ ፊደል ቢጻፍ እንዲህ ይነበባል፤

ፓንዶክ ሰዋስው.ዶክስ -ኦ ሰዋስው.ኤችቲኤምኤል

የፕሮግራሙ ስም፣ ሰረዝ ያለባት ፊደልና ከነጥብ በኋላ ያለው ቅጥያ በኪቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ ከነጥቡ በፊት ያለው የፋይሉ ስም በአማርኛ ቢሆን ይፈቀዳል። በስሙ መካከል ክፍት ቦታ ካለ ስሙን በትእምርተ ጥቅስ መክበብ ይገባል፤ አለዚያ ፕሮግራሙ ሁለት ፋይል የተሰጠው ይመስለዋል። ኦ ማለት በእንግሊዝኛ «ውጤት» ለሚለው ቃል መጀመሪያ ፊደል ናት። ፓንዶክ ፎርማቱን ከቅጥያው ያውቃል። ሥራው በደኅና ሲፈጸም ፕሮግራሙ ምንም አይናገርም፤ ዝም ካለ ተፈጽሟል ማለት ነው።

አንድ ብርቱ ጥንቃቄ እዚህ ላይ አለ። በአዲሱ ፋይል ስም የሚጠራ ሌላ ፋይል በፎልደሩ ውስጥ አስቀድሞ ቢኖር ፓንዶክ «ልደምስሰው ወይ» ብሎ አይጠይቅም፤ በላዩ ይጽፍበታል። ስለዚህ ለውጤቱ ሁልጊዜ አዲስ ስም መስጠት ያስፈልጋል።

ወደ ኤችቲኤምኤል ሲለወጥ ደግሞ ሰረዝና ኤስ የተባለችው ፊደል ቢጨመሩ መልካም ነው። ያለዚያች ፊደል ፓንዶክ የሚያወጣው የገጹን ሥጋ ብቻ ነው፤ ራሱን አይጽፍለትም። ፊደሉ በየትኛው ሥርዓት እንደ ተጻፈ የሚናገረው ቃል በራሱ ላይ ስለሚገኝ፣ ራስ የሌለው ገጽ በአንዳንድ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት አማርኛው ተበላሽቶ ይታያል።

ከዎርድ ፋይል በሚለወጥ ጊዜ ብዙ ሰዎች የሚያማርሩት «አርእስቱ ጠፋብኝ» እያሉ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በብራና መጽሐፍ ቀዩ ቀለም የሚገባበት ስፍራ በሥርዓት የታወቀ ነው፤ አንባቢው ቀይ ባየ ጊዜ አዲስ ክፍል እንደ ተጀመረ ያውቃል። በዎርድ ግን አርእስት በሁለት መንገድ ሊሠራ ይችላል። አንደኛው፣ ቃሉን አድምቆና አተልቆ መጻፍ ነው፤ ይኸ ለዓይን ብቻ አርእስት ይመስላል። ሁለተኛው፣ ከላይ ካለው ስታይል ከሚባለው ዝርዝር ሄዲንግ የሚለውን መርጦ «ይኸ አርእስት ነው» ብሎ ለፕሮግራሙ መናገር ነው። ፓንዶክ የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው። በፊተኛው መንገድ የተሠራውን እንደ ደመቀ ተራ አንቀጽ አድርጎ ያልፈዋል፤ ማውጫም ቢያዝዙት ባዶ ያወጣል። ጥፋቱ የለዋጩ አይደለም፤ ያልተነገረውን ከየት ያመጣል? መምህራን ጽሕፈት ለሚያስተምሯቸው ልጆች ሄዲንግ የሚለውን ነገር ከመጀመሪያው ቀን ቢያለማምዷቸው ኋላ ብዙ ድካም ይቀራል።

የተማሪዎችን ማርክ ክፍት ቦታ ደጋግሞ በመጫን እያሰለፉ የሚጽፉም አሉ። በወረቀት ሲታተም ያማረ ይመስላል፤ ሲለወጥ ግን ተደጋግሞ የተጫነው ክፍት ቦታ ወደ አንድ ይጠቀለላልና የአበበ ማርክ ከከበደ ስም አጠገብ ይወድቃል። ይኸ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም፤ በመዝገብ ስሕተት ምክንያት አንድ ልጅ ክፍል ሊደግም ይችላል። ማርክ በሠንጠረዥ ብቻ ይጻፍ። ሥዕል ያለበትን የዎርድ ፋይል ወደ ተራ ጽሕፈት ለሚለውጥ ሰው ደግሞ «ኤክስትራክት ሚዲያ» የሚባለው ትእዛዝ ሁለት ሰረዝ ቀድሞለት የሥዕሉ ማስቀመጫ ፎልደር ስም ተከትሎለት ይጨመር፤ ያለዚያ የሥዕሉ ስም ይጻፋል እንጂ ሥዕሉ ራሱ አይወጣም።

ተራ ጽሕፈት ስንል ማርክዳውን የሚባለውን ነው። ይኸን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. ያወጣው ጆን ግሩበር የሚባል ሰው ነው። የድጓን መጽሐፍ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። በድጓ ከቃሉ በላይ ይዘት፣ ድፋት፣ ጭረት እየተባሉ የሚጠሩ ምልክቶች አሉ፤ ምልክቶቹ አይነበቡም፤ ቃሉ እንዴት እንዲዜም ያመለክታሉ። በማርክዳውንም በመስመር መጀመሪያ ላይ ሃሽ የሚባለው ምልክትና አንድ ክፍት ቦታ ቢጻፉ አርእስት ማለት ነው፤ ሁለት ሃሽ ቢሆን ንኡስ አርእስት ነው፤ በቃሉ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ኮከብ ቢደረግ ቃሉ ይደምቃል፤ ባዶ መስመር አንቀጽን ከአንቀጽ ይለያል። ለመማር ግማሽ ቀን አይፈጅም። ከዚህ አንድ ፋይል የዎርድ፣ የኢንተርኔት ገጽና የስልክ መጽሐፍ ሦስቱን በሦስት መስመር ትእዛዝ ማውጣት ይቻላል። እኔ ለረጅም ዘመን የሚቀመጥ ጽሕፈት ሁሉ በዚህ መልክ አንድ ግልባጭ ቢኖረው እመርጣለሁ፤ ፕሮግራም ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ፋይሉ በዓይን ይነበባልና።

አሁን ለእኛ አገር ሰው ወደሚብሰው ነገር እንምጣ፤ ይኸውም የፊደል ነገር ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቍጥር ነው። በቀድሞው ሥርዓት ለፊደል ሁሉ የተመደበው ስፍራ ከ256 አይበልጥም ነበር፤ ለላቲን ይበቃል። የአማርኛ ፊደል ግን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ ብቻ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃውም። ስለዚህ በዚያ ዘመን እንደ ፓወር ግዕዝና እንደ ቪዡዋል ግዕዝ ያሉትን የሠሩ ሰዎች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ስፍራ ላይ አስቀመጡት። በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው የላቲን ቍጥር ነው፤ ዓይናችን አማርኛ የሚያየው ፎንቱ ስለ ለበሰ ነው። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ያን ጊዜ አማርኛ በኮምፒዩተር ባልተጻፈም ነበርና ምስጋና ይገባቸዋል። ዳሩ ግን ሁሉም የየራሳቸውን ስፍራ ስለ መደቡ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። በ1999 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ሥርዓት በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ፤ ለእያንዳንዱም የማይለወጥ የራሱ ቍጥር ተሰጠው። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ዐሥር የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለየብቻ ቍጥር አላቸው፤ ሠ እና ሰም እንዲሁ፤ ፓንዶክም አይቀላቅላቸውም። ፊደልን ለይቶ መጻፍ የቀረ ልማድ ነው የሚሉ ሰዎች ይኸን ይመልከቱ፤ ሥራ በሠ የተጻፈበትን መዝገብ በሰ ቢፈልጉት አያገኙትም።

ፓንዶክ የሚያነበው ዩኒኮድን፣ ይኸውም ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ የተጻፈውን ነው። የአሮጌ ፎንት ፋይል ቢሰጡት ሳይቃወም ይለውጠዋል፤ የፎንት ስም ግን በመካከለኛው ቋንቋ ስለማይያዝ ልብሱ ይገፈፍና የላቲኑ ሥጋ ብቻ ይወጣል። አስቀድሞ መለየት እንዲህ ይቻላል። ፋይሉን በዎርድ ከፍቶ አንድ አንቀጽ መርጦ ፎንቱን ታይምስ ኒው ሮማን ወደሚባለው መለወጥ ነው። አማርኛው እንዳለ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ ላቲን ከሆነ አሮጌ ነው። አሮጌ ከሆነ የፎንቱ ስም ተመዝግቦ፣ ለዚያ ፎንት በተዘጋጀ የፊደል መለወጫ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መምጣት አለበት፤ የፓንዶክ ተራ ከዚያ በኋላ ነው። የፎንቱ ስም የቍልፉ ስም ነውና፣ ስሙ ሳይታወቅ የመጀመሪያውን ፋይል የደመሰሰ ሰው በሩን ቈልፎ ቍልፉን ወንዝ እንደ ጣለ ይቈጠራል።

ተበላሽቶ የታየ ጽሕፈት ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም፤ እንደ ሐኪም ምልክቱን መለየት ነው። ባዶ አራት ማዕዘን ሣጥን ተደርድሮ ከታየ ፊደሉ ደኅና ነው፤ በዚያ ኮምፒዩተር የግዕዝ ፎንት የለም ማለት ነው፤ አቢሲኒካ የሚባለውን ነጻ ፎንት ቢጭኑ ይድናል። በራሷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ ፊደል በየሁለት ምልክቱ መካከል እየተመላለሰች ከታየች፣ ይኸ በዩቲኤፍ 8 የተጻፈ አማርኛ በሌላ ሥርዓት መነበቡ ነው። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ «ሰላም» የሚለው ቃል ዘጠኝ ነው፤ የሦስቱ መጀመሪያ ዘወትር ያችው ስለ ሆነች ነው የምትመላለሰው። ፋይሉን ዩቲኤፍ 8 ነው ብሎ እንደ ገና መክፈት ይበቃል። ጭረት የሌላቸው ተራ የላቲን ፊደሎችና ነጥቦች ተደባልቀው ከታዩ ከላይ የተናገርነው አሮጌ ፎንት ነው። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከታየ ግን፣ ፋይሉም በዚያው መልክ ተቀምጦ ከሆነ፣ ፊደሉ ጠፍቷል፤ ያ ግልባጭ መድኃኒት የለውም፤ ወደ መጀመሪያው ፋይል መመለስ ብቻ ነው።

ስለ ፒዲኤፍ አንድ ነገር እንጨምር። ፓንዶክ ፒዲኤፍን የሚያወጣው በሌላ ፕሮግራም ረዳትነት ነው፤ ካላዘዙትም ላቴክ ከሚባለው ወገን ለላቲን የተሰናዳውን ይጠራል፤ ይኸም አማርኛ ሲያይ ስሕተት ብሎ ይቆማል። ስለዚህ በትእዛዙ መስመር ላይ ዚላቴክ የሚባለው እንዲሠራ መናገርና፣ «ሜይንፎንት» በሚለው ቃል የግዕዝ ፎንት ስም መስጠት ያሻል። ላቴክን መጫን ብዙ ቦታ ይፈልጋል፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ቦታ ለሌለው ትምህርት ቤት ቀላሉ መንገድ በፓንዶክ ወደ ዶክስ ለውጦ፣ ከሊብሬኦፊስ በፒዲኤፍ ማስወጣት ነው።

ለውጡ ከተፈጸመ በኋላ ሁለት ሰዎች ይቀመጡ፤ አንዱ ከመጀመሪያው ፋይል ጮኾ ያንብብ፣ ሁለተኛው በአዲሱ ላይ ዓይኑን ያሳርፍ። የመጽሐፍ ግልባጭ ከጥንት የሚታረመው እንዲህ ነበርና ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ጽሕፈቱ ረጅም ከሆነ አርእስቶቹን፣ ሠንጠረዦቹን፣ ሥዕሎቹንና የግርጌ ማስታወሻዎቹን በሁለቱም ወገን መቍጠር፤ የማርክ ሠንጠረዥ ግን በቍጥር አይታለፍም፤ ረድፍ በረድፍ ይነበባል። ከዚያ የመጀመሪያው ፋይል ሳይነካ ለብቻው ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ፤ በስሙም ላይ የክፍሉ፣ የትምህርቱና የዓመቱ ስም ይጻፍበት። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ከሆነ የፎንቱ ፋይል ራሱ በዚያው ፎልደር ይጨመርለት፤ የፎንቱም ስም በትምህርት ቤቱ የመዝገብ ደብተር ላይ በቀለም ይጻፍ። አንድ ግልባጭ በፍላሽ ሆኖ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ፣ እሳትና ምስጥ በማይደርስበት በአንድ የታመነ ሽማግሌ ቤት ይቀመጥ፤ በዓመት አንድ ጊዜም፣ በመስከረም ምዝገባ ሲጀመር፣ ተከፍቶ ይታይ።